ለልብ ጡንቻ ሕመም ኢኮ ይቅደም

አንድ ሰው የልብ ጡንቻው ታሟል ሲባል ከቤተሰብ፣ ከጎረቤት፣ አንዳንዴም ከሐኪም አፍ ፈጥኖ የሚወጣው «እዚህ አገር ለዚህ የሚሆን ምን መሣሪያ አለ?» የሚል ቃል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል፤ የሕክምና ቦርድ ደብዳቤ፣ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚለጠፍ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ላሉ ዘመዶች የሚደወል ስልክ፣ በመጨረሻም ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ዴልሂ የሚቆረጥ ትኬት። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሥር የሰደደ እምነት ነው፤ የልብ ጡንቻን ሕመም ለይቶ የሚያውቀው ትልቁ ማሽን፣ ማለትም ኤምአርአይ፣ ነው፤ እርሱ በሌለበት የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ግምት ነው የሚል። እምነቱ የታማሚና የአስታማሚ ብቻ አይደለም። የሆስፒታል ኃላፊዎች በጀት ሲይዙ፣ ለጋሾች ስጦታ ሲመርጡ፣ ጋዜጠኞች የሕክምናን ዕድገት ሲለኩ የሚነሡት ከዚሁ ነው።

ይህ እምነት ስህተት ነው፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በአገራችን ካሉት የልብ ጡንቻ ሕሙማን አብዛኞቹን ለይቶ ሕክምና ለማስጀመር የሚያስፈልገው ምስል በአልትራሳውንድ የሚነሣው የልብ ምስል፣ ሁላችንም ኢኮ የምንለው ነው። ሰው የሚሞተው ትልቁ ማሽን ስለሌለ ሳይሆን ትንሹ ማሽን ከታማሚው ስለራቀ ነው።

በቅድሚያ በሽታው ምን እንደሆነ እንይ። የልብ ጡንቻ ሕመም በብዛት በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው ጡንቻው ደክሞና ሳስቶ የልብ ክፍል የሚሰፋበት ነው። ሁለተኛው ጡንቻው ያለ ምክንያት የሚወፍርበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጡንቻው ደርቆ፣ ደም ሲገባበት አልዘረጋ የሚልበት ነው። ሦስቱም ታማሚውን ወደ አንድ ዓይነት ስቃይ ያደርሱታል፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊት ተቀምጦ ያድራል፣ እግሩ ያብጣል፣ ሆዱ ይነፋል። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ሕክምናቸው ግን ይለያያል፤ ለአንደኛው የሚጠቅም መድኃኒት ሁለተኛውን ሊጎዳ ይችላል።

ምልክቱን የሚጋሩ ሌሎች በሽታዎችም አሉ። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ ልብ ሕመም ቫልቭን ያጠብባል። የሳንባ ነቀርሳ ወደ ልብ ሽፋን ሲዛመት በልብ ዙሪያ ውኃ ይቋጥራል። የደረት ኤክስሬይ በልብ ዙሪያ ውኃ የቋጠረውንም፣ ጡንቻው ደክሞ የሰፋውንም ልብ በአንድ ዓይነት ትልቅ ጥላ ያሳያል። ሁለቱም ወረቀት ላይ «ልቡ ተልቋል» ተብለው ይጻፋሉ። የአንዱ መፍትሔ ውኃውን መቅዳትና የነቀርሳ መድኃኒት መጀመር ነው፤ የሌላው ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ የልብ ድካም መድኃኒት ነው። ይህን ልዩነት ኢኮ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። ስለዚህ «ኤምአርአይ ስለሌለ አልታወቀም» የሚባለው አብዛኛው ነገር በእርግጥ ኢኮ ስላልተነሣ ያልታወቀ ነው።

ኢኮ ሲነሣ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ታማሚው በግራ ጎኑ ይተኛል። ባለሙያዋ ደረቱ ላይ ጄል ቀብታ ፕሮብ የሚባለውን የማሽኑን መዳሰሻ ከጎድን አጥንቶቹ መሐል ታሳርፋለች፤ ጥቂት ዘንበል፣ ጥቂት ዞር ስታደርገው የሚመታ ልብ ከነአራት ክፍሉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የጤነኛ ልብ ግድግዳዎች በየምቱ ወደ መሐል ይሰበሰባሉ፣ ሲሰበሰቡም ይወፍራሉ። ቫልቮቹ በሰፊው ተከፍተው ይዘጋሉ። የደከመው ልብ ላይ የግራው ክፍል እንደ ፊኛ ክብ ሆኖ፣ ግድግዳው በጭንቅ ሲንቀሳቀስ ይታያል። በዙሪያው ውኃ ካለ እንደ ጥቁር ቀለበት ከቦት ይገኛል። የወፈረው ጡንቻ ደግሞ እዚያው ስክሪኑ ላይ በሚሊሜትር ይለካል፤ ሌላ ምክንያት ሳይኖር 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ በዘር የሚመጣውን የጡንቻ መወፈር ያስባል። መርፌ የለም፣ ጨረር የለም፤ ታማሚው ትንፋሽ ካጠረው ቀና ብሎም ይነሣል።

ኢኮ የሚሰጠው ቁጥርም በአግባቡ ሊነበብ ይገባል። ብዙ ታማሚዎች «ልቤ 60 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው» ተብለናል ብለው ደንግጠው ይመጣሉ፤ የቀረው 40 በመቶ የሞተ ይመስላቸዋል። ቁጥሩ የሚናገረው የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንቱን እንደሚያስወጣ ነው። ጤነኛ ልብ የሚያስወጣው ከግማሽ ጥቂት በላይ ነው፤ ስለዚህ 60 በመቶ ጤና ነው። 25 በመቶ ግን ከባድ ድካም ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ ባለሙያ አጠገቡ ቢኖር ስንቱ ሰው ከከንቱ ጭንቀትና ከከንቱ ትኬት በዳነ ነበር!

የኢኮ ታሪክም ከኛ ሁኔታ ጋር የሚስማማ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ ኢንጌ ኤድለር የሚባል የልብ ሐኪምና ሄልሙት ኸርትዝ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ የሚመታ ልብን በድምፅ ሞገድ መዘገቡ። ለልብ ምርመራ የተሠራ ማሽን አልነበራቸውም። መጀመሪያ የሞከሩት በማልሞ ከተማ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ ብረት መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ የሚፈተሽበትን መሣሪያ ተውሰው ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የልብ ሐኪም ከእጁ የማይለየው ምርመራ የተጀመረው በተዋሱት መሣሪያና በጠራ ጥያቄ ነው። እኛ ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ በየሆስፒታሉ ያለውን አልትራሳውንድ «የእርጉዝ ነው» ብለን ከልብ እናርቀዋለን። ከነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ የልብ ፕሮብ ሊገጠምላቸው ይችላል። የጎደለው ፕሮቡና ያንን ፕሮብ የሚያንቀሳቅስ የሠለጠነ እጅ ነው።

ኤምአርአይን ዝቅ ማድረግ አልፈልግም። የጡንቻውን ጠባሳ ያሳያል፤ በኢንፌክሽን የተቆጣን ጡንቻ ይለያል፤ ልብ ውስጥ የተከማቸ ብረት ወይም ያልተለመደ ፕሮቲን መኖሩን ይጠቁማል፤ ኢኮ አጥርቶ የማያየውን የልብ ጫፍ ውፍረት ያወጣል። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ የልብ ጡንቻ ሕመም ላለበት ታማሚ በመጀመሪያው ምርመራ ወቅት ኤምአርአይ እንዲነሣ ይመክራል። የትልቁ ማሽን ወገኖች ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም።

መመሪያው ግን የተጻፈው ሁሉም ታማሚ አስቀድሞ ኢኮ ለሚነሣባቸው አገሮች ነው። በነዚያ አገሮች ኤምአርአይ የሚታዘዝለት ሰው የልብ ጡንቻ ሕመም እንዳለበት በኢኮ የተጠረጠረ ወይም የታወቀ ነው። መመሪያው ራሱ ኢኮን ከምርመራው መነሻ ላይ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይረግጡ ሁለተኛው ላይ መቆም አይቻልም፤ እኛ ግን መመሪያውን ከመሐሉ ማንበብ ጀምረን የመጀመሪያውን ገጽ ዘለልነው።

ሌላም ነገር አለ። የልብ ኤምአርአይ የሚነሣ ሰው በጠባብ ቦይ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆየት፣ በየመሐሉም ትንፋሹን መያዝ አለበት። በልብ ድካም ተይዞ ሌሊቱን ትራስ ደርድሮ ተቀምጦ የሚያድር ሰው ተንጋሎ መተኛት አይችልም። ምርመራው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ማሽኑ ለርሱ አይሆነውም፤ አስቀድሞ በመድኃኒት መረጋጋት አለበት። መድኃኒቱን ለመጀመር ደግሞ ምስል ያስፈልጋል፤ ያ ምስል ኢኮ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሕሙማን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች በድንገተኛ የልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ 1006 ሰዎችን ተከታትሏል። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ነበር፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የልብ ድካም በብዛት የሚታየው ከ70 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። በልብ ደም ሥር መዘጋት የታመሙት ከ100 ሰው 8 እንኳ አልሞሉም። ግማሽ ያህሉን ለልብ ድካም ያበቃው የደም ግፊት ነው። የቀሩት በአብዛኛው ቫልቫቸው የተበላሸ ወይም የራሱ የጡንቻው ሕመም የያዛቸው ናቸው። ስለዚህ የኛ ሕሙማን ጎልማሶች፣ ልጅ የሚያሳድጉና ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው፤ በሽታቸውም በብዛት ኢኮ አጥርቶ የሚያየው ዓይነት ነው።

ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የአራሷ ጉዳይ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የአንዳንድ እናቶች ልብ ሳይታሰብ ይደክማል። የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም የሚያስወጣው ከ45 በመቶ በታች ይወርዳል። እናቲቱ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ያስላታል፣ እግሯ ያብጣል። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች «አራስ ናት፣ ምች መቷት ነው» ይላሉ፤ «ወገቧ አልጠናም፣ ደም አንሷት ነው» ይላሉ። ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሳንባ ምች ተብላ አንቲባዮቲክ ይሰጣታል። ተመልሳ ስትመጣ አስም ይባላል። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ በሰው ትከሻ ላይ ሆና ነው። በየደረጃው የጎደለው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ፕሮብ አንሥቶ ይህን ልብ ያየ የለም።

ይህ በሽታ በጊዜ ከተለየ ተስፋው ትልቅ ነው። በሚገባ ከታከሙት መካከል የብዙዎቹ ልብ በወራት ውስጥ ወደ ጤናው ይመለሳል። መድኃኒቶቹም እንግዳ አይደሉም፤ ፉሮሴማይድ አለ፣ ስፒሮኖላክቶን አለ፣ የቤታ ብሎከር ዓይነቶች አሉ። ኢናላፕሪል በእርግዝና ጊዜ ባይሰጥም ከወሊድ በኋላ ጡት እያጠባች ልትወስደው ትችላለች። ልቧ ወደ ጤናው ካልተመለሰ ደግሞ ሌላ እርግዝና ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ ሊነገራትና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ሊሰጣት ይገባል። ይህን ምክር ለመስጠት ልቧ ተመልሷል አልተመለሰም የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚታወቀውም በድጋሚ ኢኮ ነው። ይቺን እናት ሪፈር ጽፈው በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ወዳለ ሆስፒታል ሲልኳት ሕፃኗን ማን ይይዝላታል? ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? ወረፋው እስኪደርሳት የት ታድራለች? ብዙዎቹ ሪፈሩን አጣጥፈው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

«ይህ በገጠር ሆስፒታል የሚሆን አይደለም» ለሚል ሰው ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሠርተው አሳይተዋል። በሩዋንዳ የገጠር ወረዳ ሆስፒታሎች ነርሶች የልብ ድካም ክሊኒክ እንዲመሩ፣ ቀለል ያለ ኢኮም እንዲያነሡ ተደርጓል። የተሰጧቸው ጥያቄዎች ጥቂትና ግልጽ ነበሩ፤ የግራው ክፍል በከባድ ሁኔታ ደክሟል ወይ? ሚትራል የተባለው ቫልቭ ጠብቧል ወይ? የቀኙ ክፍል ሰፍቷል ወይ? በልብ ዙሪያ ውኃ አለ ወይ? መልሱ ታማሚውን ወደ ትክክለኛው የሕክምና መስመር ያስገባዋል፤ የልብ ስፔሻሊስቱም በየጊዜው እየመጣ ከባዶቹን ያያል። ይህ ልምድ እ.ኤ.አ. በ2013 ለዓለም ታትሞ ቀርቧል። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ አባል አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2022 ሎሜ ላይ ተሰብስበው እንዲህ ዓይነቱን ከባድ የማይተላለፍ በሽታ ሕክምና ወደ ወረዳ ሆስፒታል የሚያወርደውን ፔን-ፕላስ የተባለ ስትራቴጂ ተቀብለዋል።

ከሞዛምቢክም ሌላ ምስክር አለ። አና ኦልጋ ሞኩምቢ የተባሉ የልብ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ኢንሃሪሜ በተባለ የገጠር አካባቢ ለ1063 ሰዎች ኢኮ አነሡ። ከአምስት ሰዎች በአንዱ ያህል ላይ የልብን ውስጠኛ ሽፋን በጠባሳ የሚያደርቅ የልብ ጡንቻ ሕመም ተገኘ። አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓለም ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ላይ ወጣ። ኢኮ ወደ ሕዝቡ ባይሄድ ኖሮ ያ ሁሉ ሕመም ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

ቀጣዩ ተቃውሞ «ኢኮ የሠሪው እጅ ነው፤ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ከሠራው ይሳሳታል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ኢኮ በሠሪው እጅ ይወሰናል። ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ግን እናቶች በምጥ እየሞቱ ስፔሻሊስት እስኪበዛ አልጠበቀችም፤ የጤና መኮንኖችን አሠልጥና ቄሳራዊ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ አድርጋለች። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ነርሶች ፅንስን በአልትራሳውንድ እንዲያዩ ሠልጥነዋል። ምላጭ በእጃቸው ያስያዝናቸው ባለሙያዎች ፕሮብ መያዝ አይችሉም ማለት አያስኬድም። ከነርሱ የሚጠበቀውም የስፔሻሊስቱን ሙሉ ዘገባ መጻፍ ሳይሆን ጥቂቱን ጥያቄ በትክክል መመለስ፣ ያልተመለሰውን ደግሞ ቪዲዮውን ለስፔሻሊስቱ ልኮ ማማከር ነው። በዚህ መንገድ የሚፈጠር ስህተት ይኖራል። ማንም ልቧን ሳያይ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት የምትመለሰው እናት ላይ የሚፈጸመው ስህተት ግን ከዚያ ይብሳል፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስህተት ተብሎ ስለማይጻፍ ብቻ ትንሽ መሰለን።

«ለይቶ ማወቁ ምን ይጠቅማል፣ መድኃኒቱ አይገኝ» የሚሉም አሉ። የመድኃኒት እጥረት መኖሩን አልክድም፤ መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚፈልግ ቤተሰብ ያውቀዋል። ነገር ግን የልብ ድካም መሠረታዊ መድኃኒቶች ዋጋቸው ከአንድ የውጭ ሕክምና ጉዞ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሆስፒታል ስንት የልብ ጡንቻ ሕመምተኛ እንዳለው ሳያውቅ ስንት መድኃኒት ማዘዝ እንዳለበትም አያውቅም። ምርመራው ወደ ታች ሲወርድ የመድኃኒቱ ፍላጎት በቁጥር ይታያል፤ በቁጥር የታየ ፍላጎት ደግሞ በጀት ይጠይቃል።

ኢኮ ከታማሚው አልፎ ለቤተሰቡም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 ሊዮን ላይ ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት ተጫዋቿ ማርክ ቪቪያን ፎዬ ሜዳ መሐል ወድቆ መሞቱን የኳስ ተመልካች ሁሉ ያስታውሰዋል። ዕድሜው 28 ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልብ ጡንቻው ወፍሮ ተገኘ። ይህ ሕመም በብዙ ቤተሰብ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ከ500 ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሚገኝም ይገመታል። ሕመሙ አንድ ሰው ላይ ከተገኘ ወንድሞቹን፣ እህቶቹንና ልጆቹን ኢኮ ማስነሣት የሐኪሙ ግዴታ ነው። ሕመምተኛውን ብቻ ባንኮክ ልኮ ስድስት ልጆቹን ሳያዩ መተው ሕክምናውን ግማሽ ያደርገዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የገንዘቡም ነገር ግልጽ ነው። በእጅ የሚያዝ የኢኮ መሣሪያ ዋጋው በጥቂት ሺህ ዶላር ነው። አንድ አዲስ ኤምአርአይ ወደ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ የማያቋርጥ መብራት፣ ልዩ ክፍል፣ የጥገና ውልና ልብን ማንበብ የሚችል ራዲዮሎጂስት ይፈልጋል። በአንዱ ዋጋ በመቶ የሚቆጠሩ ሆስፒታሎች ልብን ማየት ይችላሉ። ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎቻችን የልብ ኤምአርአይ ቢኖራቸው ደስታዬ ነው፤ ሊኖራቸውም ይገባል። ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ የለበትም።

ስለዚህ ጥሪዬ ለሦስት ወገን ነው። ለጤና ሚኒስቴርና ለክልል ጤና ቢሮዎች፤ በየአጠቃላይ ሆስፒታሉ የልብ ፕሮብና ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይኑሩ፤ ሥልጠናው ሰርተፊኬት ተሰጥቶ የሚያበቃ ሳይሆን ስፔሻሊስት በየጊዜው የሚከታተለው ይሁን። በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖች፤ ለአንድ ሰው ትኬት የምታዋጡት ልግስና የተባረከ ነው፤ ከርሱ ጥቂቱ በተወለዳችሁበት ከተማ ላለው ሆስፒታል ፕሮብ መግዣና ለአንዲት ነርስ ማሠልጠኛ ይሁን። ማሽን ስትልኩም የሚያነብበው ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ወገን አንባቢ ነው። በቤታችሁ አራስ ካለችና ተንጋላ መተኛት ካቃታት፣ እግሯ ካበጠ፣ ሳሉ በመድኃኒት ካልለቀቃት «ምች ነው» ብላችሁ አትተዉአት። ሐኪሟን «ልቧ በኢኮ ይታይልን» በሉት። መሣሪያው የለም ካላችሁ «ለምን የለም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ በየሆስፒታሉ ተደጋግሞ እስኪሰማ ድረስ በጀት አይያዝለትም።